በፈንድ የሚሠራ ሥራ፦ ወደ ማኅበረሰብ ጤና ፕሮጀክትና ወደ ኬሚካል ደኅንነት ጥናት እንዴት ይገባል?

ማስታወቂያው «የፕሮጀክት ኦፊሰር፣ ብዛት 2፣ የሥራ ቦታ ባቱ፣ ደመወዝ በስምምነት» ይላል። ገንዘቡን የሚሰጠው ለጋሽ ማን እንደሆነ፣ በየትኛው ወር እንደሚያልቅ፣ ለመደቡ የተያዘው የሙሉ ሰዓት ደመወዝ ይሁን የግማሽ ግን አይናገርም። በፈንድ የሚተዳደር ሥራ በበጀት ሰንጠረዥ ላይ ያለ አንድ መስመር ነው፤ መስመሩ ሲዘጋ ሥራውም ይዘጋል። ስለዚህ በዚህ ዘርፍ መቀጠር የሚፈልግ ሰው ከመደቡ መጠሪያ በፊት ፈንዱን ማንበብ መልመድ አለበት።

ይህ በጥር 2017 ዓ.ም. በግልጽ ታይቷል። የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያግድ በዩኤስኤይድና በሲዲሲ (የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል) ገንዘብ በኮንትራት የተቀጠሩ በሺዎች የሚቆጠሩ የጤና ሠራተኞች ከሥራ ወጡ። የሥራ አፈጻጸማቸው አልተጠየቀም፤ መስመሩ ተዘጋ። እንዲህ ሲሆን ቶሎ የሚያገግመው ከአንዱ ለጋሽ ወደ ሌላው ይዞት የሚሻገር ሙያ ያለው ሰው ነው። ከታች የምንዘረዝረው ይህን ታሳቢ አድርጎ ነው።

ገንዘቡ በየት በኩል ይመጣል?

ብዙ ሰው የጤና ኤክስቴንሽንን የፕሮጀክት ሥራ አድርጎ ያስባል። አይደለም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሠራተኛ እንዲመደብ አድርጎ የተቀረጸ ሲሆን ደመወዛቸው ከመንግሥት በጀት ነው። የለጋሽ ገንዘብ የሚገባው በዙሪያቸው ነው፤ በሥልጠናው፣ በቁሳቁሱ፣ በክትትሉ፣ በመረጃው። የሚቀጠሩትም የወረዳ አስተባባሪ፣ የክትትልና ግምገማ ባለሙያ፣ የዳታ ኦፊሰር፣ የፋይናንስ ሠራተኛ፣ የላቦራቶሪ ቴክኖሎጂስት ናቸው። እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስምር፦ የፋይናንስና የዳታ መደቦችን የጤና ምሩቃን ይንቋቸዋል፤ ነገር ግን በየትኛውም ለጋሽ ፕሮጀክት ውስጥ የማይጠፉት እነዚህ ናቸው።

በኬሚካል በኩል ምንጩ ጠባብ ነው። የዓለም አቀፉ የአካባቢ ፋሲሊቲ የአነስተኛ ድጋፍ ፕሮግራም በተመድ የልማት ፕሮግራም በኩል ለሲቪክ ድርጅቶችና ለማኅበረሰብ ቡድኖች ገንዘብ ይሰጣል፤ ጣሪያው ለረጅም ጊዜ 50 ሺህ ዶላር የነበረ ሲሆን ኬሚካልና ቆሻሻ አንዱ የትኩረት መስኩ ነው። ከሲቪክ ድርጅቶች መካከል ፓን ኢትዮጵያ በፀረ-ተባይ ኬሚካልና እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ባለበት ቀለም ላይ ሲሠራ የቆየ ነው፤ በአርባ ምንጭ አካባቢ ከጥጥ ገበሬዎች ጋር ጠቃሚ ነፍሳትን ወደ ማሳ የሚስብ የምግብ ርጭት አለማምዷል። በዩኒቨርሲቲ የሚካሄድ ጥናት ደግሞ ብዙ ጊዜ በውጭ አጋር ተቋም በኩል በንዑስ ውል ይመጣል። የአሜሪካው ብሔራዊ የጤና ተቋም ግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. ላይ ለውጭ አገር ተቋማት የሚሰጠውን ንዑስ ድጋፍ በነበረው አሠራር እንደማይቀጥል አስታውቋል። በዚህ መንገድ በሚመጣ ገንዘብ የሚቀጥር ፕሮጀክት ካጋጠመዎት ውሉ በአዲሱ አሠራር መሆን አለመሆኑን በቀጥታ ይጠይቁ።

ከመፈረም በፊት

ቃለ መጠይቁ ላይ «ጥያቄ አለዎት?» ሲባል ዝም ማለት ጨዋነት አይደለም። እነዚህን ይጠይቁ።

ፈንዱ የሚያበቃው መቼ ነው? የኮንትራቱ ማብቂያና የፈንዱ ማብቂያ የተለያዩ ናቸው። ኮንትራትዎ የአንድ ዓመት፣ ፈንዱ የሦስት ዓመት ሆኖ ገና በመጀመሪያው ዓመት ላይ ከሆነ ጥሩ ነው። ኮንትራቱ የአንድ ዓመት ሆኖ ፈንዱ ሰባት ወር ብቻ የቀረው ከሆነ፣ የሚሠሩት የመዝጊያ ሪፖርትና የንብረት ቆጠራ ነው። «ያለ ተጨማሪ ገንዘብ ይራዘማል» የሚል ተስፋ ከሰጡዎት፣ የማራዘሚያው ጥያቄ ለለጋሹ ቀርቦ እንደሆነ ይጠይቁ። መራዘም ጊዜ ይጨምራል እንጂ ገንዘብ አይጨምርም፤ ብሩ ካለቀ የተራዘመው ወረቀት ብቻ ነው።

ደመወዜ ከስንት ፈንድ ይከፈላል? 60 በመቶ ከአንዱ፣ 40 በመቶ ከሌላው መሆኑ የተለመደ ነው። ችግሩ አንዱ ሲዘጋ የቀረው 40 በመቶ መሆኑ ነው። ታይምሺት (የሥራ ሰዓት መመዝገቢያ ቅጽ) የሚሞላውም በዚሁ ልክ ነው፤ በወር የሠሩበት ሰዓት ተደምሮ ከ100 በመቶ ማለፍ የለበትም፣ የተሠራውም ሥራ ከፐርሰንቱ ጋር መግጠም አለበት። በወሩ መጨረሻ ቁጭ ብሎ የሙሉ ወሩን ታይምሺት በአንድ እጅ መሙላት ኦዲተር መጀመሪያ የሚይዘው ነገር ነው። የመስክ አበል ከጠየቁበት ቀን ላይ የቢሮ ሥራ ተጽፎ ይገኛልና።

ደመወዙ በብር ነው ወይስ ከዶላር ጋር የታሰረ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዶላር የሚመጣ ፈንድ በብር ሲመነዘር በጀቱ ሰፋ፤ በብር የተፈረመ ደመወዝ ግን ባለበት ቆመ። የደመወዝ ክለሳ አንቀጽ በውሉ ውስጥ እንዲገባ መጠየቅ የሚቻለው ከመፈረም በፊት ብቻ ነው።

ጡረታ ይቆረጣል? በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው። «የተጣራ ይሄን ያህል እንሰጥሃለን» ብሎ ጡረታውን የሚያልፍ ቀጣሪ፣ ነገ የሥራ ልምድዎ ሲመረመር ችግር ያመጣብዎታል። የሙከራ ጊዜውም በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156 መሠረት በጽሑፍ ሲሆን ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም።

በመጨረሻ ውሉ ላይ «ፈንዱ እስካለ ድረስ» የሚል ሐረግ ይፈልጉ። አለ ማለት ፈንዱ ከቀኑ በፊት ሊቆም እንደሚችል ታውቆ ገብቷል ማለት ነው። ከጎኑ ስንት ቀን ማስጠንቀቂያ እንደሚሰጥ ካልተጻፈ እንዲጻፍ ያድርጉ።

መግቢያው በር፦ መረጃ ሰብሳቢነት

ልምድ ለሌለው ምሩቅ እውነተኛው በር ዳታ መሰብሰብ ነው። ሥራው አጭር ነው፤ ጥቂት ቀን ሥልጠና፣ ከዚያ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት መስክ። አበሉ እንደ ፕሮጀክቱ ይለያያል። ከዚህ ሥራ ሱፐርቫይዘር፣ ከሱፐርቫይዘርነት የዳታ ኦፊሰር ይወጣል፤ ግን ሥራውን በአግባቡ ለሠራ ብቻ።

መጀመሪያ መጠይቅ በስልክ ለመሙላት የሚያገለግለውን የኮቦ ቱልቦክስን ወይም የኦዲኬን መተግበሪያ በስልክዎ ላይ ይጫኑና፣ 20 ጥያቄ ያለው ፎርም ራስዎ ሠርተው ይሞክሩበት። የማለፊያ ሕግ ይጨምሩበት፦ «ርጭት አልረጭም» ያለ ሰው ስለ ጓንት እንዳይጠየቅ። የቀን ጥያቄውን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲያሳይ ያድርጉ፤ ኦዲኬ ይህ አማራጭ አለው። የቀንና የሰዓት ስህተት በአገራችን ዳታ ውስጥ የሚሞላው እዚህ ጋ ነው። ገበሬው «ጠዋት ሁለት ሰዓት ረጨሁ» ይላል፣ ስልኩ 8 ሰዓት ይላል፣ ሰብሳቢው 2 ይጽፋል፤ በኋላ ተንታኙ ገበሬው በሌሊት እንደሚረጭ ያነባል።

ቃል ደግሞ ከሁሉ በላይ ነው። ፀረ-ተባይ ኬሚካልን ገበሬው መድኃኒት ነው የሚለው። መጠይቁ «ኬሚካል ይጠቀማሉ?» ካለ «አንጠቀምም» የሚል መልስ ይጎርፋል፤ ለብዙው ሰው ኬሚካል ማለት መርዝ ነውና ሰው ደግሞ መርዝ እረጫለሁ አይልም። «ለቲማቲሙ መድኃኒት ትረጫላችሁ?» ሲባል ግን ከነስሙ፣ ከነዋጋው ይነግርዎታል። በባቱና በመቂ ዙሪያ መጠይቁ በአፋን ኦሮሞ መሆን አለበት፤ እዚያም ቃሉ ቆሪቻ፣ ማለትም መድኃኒት ነው። የእንግሊዝኛው መጠይቅ ወደ አማርኛ ወይም ወደ አፋን ኦሮሞ ከተተረጎመ በኋላ ሌላ ሰው መልሶ ወደ እንግሊዝኛ እንዲተረጉመው የሚደረገው ለዚህ ነው። ቢሆንም መልሶ መተርጎሙ ብቻ ይህን ስህተት አይዝም፤ «ኬሚካል» ተመልሶም «ኬሚካል» ይሆናልና። የሚይዘው ከጥናቱ ቀበሌ ውጭ ባለ ቀበሌ የሚደረገው ቅድመ ሙከራ ነው፤ የተለመደው ከናሙናው 5 በመቶ ነው።

ባዶ ዕቃውንም በዓይን ይመልከቱ እንጂ በቃል ብቻ አይጠይቁ። «ጀሪካኑን ምን ታደርጉታላችሁ?» ሲባል «እንቀብረዋለን» ይባላል፤ ውኃ ተሞልቶ ደጅ የቆመው ጀሪካን ግን ሌላ ይናገራል። በምልከታ የሚሞላ ክፍል በመጠይቁ ውስጥ ከሌለ እንዲጨመር ሐሳብ ያቅርቡ። ሐሳብዎ ባይገባ እንኳ ሱፐርቫይዘሩ ስምዎን ይይዛል።

ቤት ቁጭ ብሎ መሙላት ይታወቃል። ፎርሙ የተከፈተበትንና የተዘጋበትን ሰዓት ይመዘግባል፤ 40 ደቂቃ የሚፈጅ መጠይቅ በ7 ደቂቃ ካለቀ ወይም አሥር ቤት አንድ የጂፒኤስ ነጥብ ላይ ከወደቀ ሱፐርቫይዘሩ ያየዋል። ጂፒኤሱ ትክክለኛነቱ 5 ሜትር አካባቢ እስኪደርስ ቤት ውስጥ ሳይሆን ደጅ ቆመው ይጠብቁ። ሱፐርቫይዘር ሲሆኑ ደግሞ ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆኑትን ቤቶች ራስዎ ተመልሰው አምስት ስድስት የማይለዋወጡ ጥያቄዎችን ይጠይቁ።

ስለ ናሙና አንድ ነገር። 384 ላይ መልስ ለማይሰጡ ሰዎች 10 በመቶ ተጨምሮ 423 የሆነ ናሙና ያልያዘ የመመረቂያ ጽሑፍ ማግኘት ይከብዳል። ቀመሩ (1.96 ሲባዛ በራሱ፣ ሲባዛ 0.5፣ ሲባዛ 0.5፣ ሲካፈል ለ0.05 ስኩዌር) ስህተት የለበትም፤ ነገር ግን የሚያገለግለው የአንድን ነገር ስርጭት በመቶኛ ለመገመት ነው። ጓንት በሚያደርጉና በማያደርጉ ረጪዎች መካከል ያለውን ልዩነት ለማየት ሌላ ስሌት ያስፈልጋል፤ ሰዎቹ አንድ በአንድ ሳይሆን በቀበሌ በቀበሌ (በክላስተር) ከተመረጡም ቁጥሩ ዲዛይን ኢፌክት በሚባል ማስተካከያ ይባዛል። ቃለ መጠይቅ ላይ «ለምን 423?» ተብሎ ተጠይቆ መመለስ የሚችል አመልካች ከሌሎቹ ቀድሞ ይታያል።

በኬሚካል ጥናት ውስጥ የሚፈለጉ እጆች

እዚህ ሦስት ሙያ ይፈለጋል፤ ከሰው ናሙና የሚወስድ፣ ከምግብና ከአፈር ናሙና የሚያዘጋጅ፣ መሣሪያ ላይ የሚያነብ። ሦስተኛው ብርቅ ነው፤ ሁለቱን ግን መማር ይቻላል።

ኦርጋኖፎስፌትና ካርባሜት የተባሉት ፀረ-ተባዮች በደም ውስጥ ያለውን ኮሊንኤስተሬዝ የተባለ ኢንዛይም ያዳክማሉ። በመስክ ከጣት በሚወሰድ ጠብታ መለካት ይቻላል፤ ብልሃቱ ያለው ልኬቱ ላይ ሳይሆን መቼ እንደተለካ ነው። የኢንዛይሙ መጠን ከሰው ሰው በጣም ስለሚለያይ በርጭት ወቅት አንድ ጊዜ ብቻ የተለካ ቁጥር ብዙ አይናገርም። ሰውየው ቢያንስ 30 ቀን ሳይረጭ ቆይቶ መነሻው ይለካል፣ ከዚያ በርጭት ወቅት ይደገማል። በካሊፎርኒያ ደንብ የቀይ ደም ሕዋስ ኮሊንኤስተሬዝ ከመነሻው ወደ 70 በመቶ ወይም ከዚያ በታች፣ የፕላዝማው ወደ 60 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ሲወርድ ሠራተኛው ከርጭት እንዲወጣ ይደረጋል፤ የሚመለሰው 80 በመቶ ሲደርስ ነው። በኛ ሁኔታ የሚበላሸው ቀኑ ነው፤ የሥነ ምግባር ፈቃዱ ይዘገያል፣ ቡድኑ መስክ ሲደርስ ርጭቱ ተጀምሯል፣ መነሻ የሚባል ነገር የለም። ሌላው ጣቱ ነው፤ ረጪው እጁ ላይ የቀረ ኬሚካል ከጠብታው ጋር ገብቶ ውጤቱን ያወርደዋል። በሳሙና ይታጠብ፣ በአልኮል ይጠረግ፣ አልኮሉ ይድረቅ፣ የመጀመሪያው ጠብታ በጥጥ ይነሣ።

እርሳስም እንዲሁ ነው። ከጣት የተወሰደ ደም ከፍ ያለ ቁጥር ካሳየ ከደም ሥር ተወስዶ እስኪረጋገጥ ድረስ ለወላጅ እንደ መጨረሻ ውጤት አይነገርም፤ አቧራ ወይም ቀለም የነካ ጣት ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ዴሲሊትር ደም 5 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ ሲሆን ምንጩ ይፈለግ ይላል። በቀለም በኩል የኢትዮጵያ ደንብ ቁጥር 429 በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) እንዳይበልጥ ይከለክላል። ናሙና የሚገዛ ሰው ቢጫ፣ ብርቱካንማና ቀይ ቀለሞችን መዝለል የለበትም፤ ሊድ ክሮሜት የተባለው እርሳስ ያለበት ማቅለሚያ የሚገኘው እነዚህ ላይ ነው። ነጩን ብቻ ገዝቶ «ገበያው ንጹሕ ነው» ማለት ይከሰታል።

ለቲማቲምና ለመሰሉት አንድ ናሙና ቢያንስ 1 ኪሎና ቢያንስ 10 ፍሬ ነው። አይታጠብም፤ አፈሩ ብቻ ቀስ ብሎ ይነሣል። ከተፈጨ በኋላ በላቦራቶሪ የሚሠራበት የተለመደው ዘዴ ኬቸርስ ይባላል፤ 10 ግራም የተፈጨ ናሙና፣ 10 ሚሊ ሊትር አሴቶናይትራይል፣ ከዚያ 4 ግራም ማግኒዥየም ሰልፌትና 1 ግራም የምግብ ጨው። ጨው ከተጨመረ በኋላ ወዲያው ለአንድ ደቂቃ በኃይል ይናጣል። ሌላው ቱቦ እስኪደርስ ብሎ ማስቀመጥ ጨዉን እንደ ድንጋይ ያጋግረዋል፣ ቱቦውም ይሞቃል፣ ማውጣቱ ይበላሻል። አሥራ ሁለት ቱቦ ደርድሮ ለሁሉም ጨው ከጨመሩ በኋላ መናጥ የጀማሪ ምልክት ነው።

ሽንት ለሜታቦላይት (ኬሚካሉ በሰውነት ውስጥ ተሰባብሮ ለሚተወው ቅሪት) ምርመራ ሲወሰድ ወዲያው በበረዶ ሳጥን ይገባል፣ ከዚያ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ይቀዘቅዛል። መለያው በእርጥበትና በቅዝቃዜ በማይለቅ ሌብል ይጻፍ፤ በተራ እስክሪብቶ የተጻፈ ቁጥር ከፍሪዘር ሲወጣ አይነበብም፣ ያልተነበበ ናሙና ደግሞ የለም ማለት ነው።

ፈቃድና ደብዳቤ

ጥናቱ የሰው ናሙና ካለበት ከሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ በኋላ የድጋፍ ደብዳቤው ከተቋሙ ወደ ክልል ጤና ቢሮ፣ ከዚያ ወደ ዞን፣ ወደ ወረዳ፣ ወደ ቀበሌ ይወርዳል። አንዱ ሰው ስብሰባ ከሄደ ሳምንት ያልፋል። ናሙና ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ የናሙና ማስተላለፊያ ስምምነት ለብቻው ይፈረማል። በሥራ ዕቅድ ላይ ለዚህ ሁሉ ሁለት ሳምንት የሚመድብ ሰው ርጭቱ ያመልጠዋል። መልካም ክሊኒካዊ አሠራርን የሚመለከት የኦንላይን ምስክር ወረቀት አስቀድመው ይውሰዱ፤ ነፃ አለ፣ ከ3 ዓመት በላይ ያለፈው ግን እንዲታደስ ይጠየቃል።

ፕሮፖዛል መጻፍ የሚችል ሰው ሥራ አያጣም

የፕሮፖዛሉን በጀት የሚሠራ ሰው ሁለት ቁጥር ይያዝ። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113 የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ አይበልጥም። በአሜሪካው ብሔራዊ የጤና ተቋም ደግሞ ለውጭ ተቋም የሚፈቀደው ቀጥተኛ ያልሆነ ወጪ 8 በመቶ ነው። የፕሮጀክት ሹፌርንና የወረዳ ቢሮ ኪራይን ያለ ማብራሪያ በአስተዳደር ስር መክተት ጣሪያውን በከንቱ ያስነካል፤ ለፕሮጀክቱ ተግባር የሚውለውን ከተግባሩ ጋር አያይዘው ይጻፉ። ነዳጅ ደግሞ በኪሎ ሜትር ይሰላ፣ «ለነዳጅ» ተብሎ ክብ ቁጥር አይቀመጥ።

ማመልከቻው

ሲቪ ከሁለት ገጽ አይለፍ። «በመረጃ አሰባሰብ ተሳትፌያለሁ» ከማለት «በ4 ቀበሌ 86 ቤት፣ በኮቦ፣ በአፋን ኦሮሞ» ማለት ይሻላል። የጽሑፍ ፈተናው ብዙ ጊዜ ኤክሴልና አንድ አመልካች፣ ማለትም የፕሮጀክቱ ውጤት መለኪያ (ኢንዲኬተር) መጻፍ ነው። «የገበሬዎች ግንዛቤ ይጨምራል» አመልካች አይደለም። «ባለፈው ርጭት ጓንትና ጫማ ሁለቱንም ያደረጉ ረጪዎች፣ ከተጠየቁት ረጪዎች በመቶኛ» አመልካች ነው፤ አካፋዩም ተካፋዩም ይታወቃል። ጤና ፕሮጀክት ላይ ለሚያመለክት ዲኤችአይኤስ 2ን ማወቅ ያስፈልጋል፤ የመንግሥት ጤና ተቋማት መደበኛ ሪፖርት የሚያልፈው በዚያ ነውና። ለመመዝገቢያ ወይም ለፎርም ገንዘብ የሚጠይቅ «ፕሮጀክት» ሌባ ነው፤ ሌላ ማጣራት አያስፈልገውም።

በአሜሪካ ላለ አማርኛ ተናጋሪ ተመሳሳዩ መደብ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛ ይባላል። በቴክሳስ ለምሳሌ የምስክር ወረቀቱ የ160 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል። እዚያም ቢሆን ደመወዙ ብዙ ጊዜ ከፈንድ ነው፤ ስለዚህ ያው የማብቂያ ቀን ጥያቄ ይጠየቃል።

ሲዘጋ

ፕሮጀክቱ ሊዘጋ ሦስት ወር ሲቀረው ወረቀትዎን ይሰብስቡ፤ ቢሮው ከተዘጋ በኋላ ማኅተም የሚያሳርፍ ሰው አይገኝም። አሠሪ ሠራተኛው ሲጠይቅ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ጊዜውንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለበት። ማስረጃው ላይ የተጀመረበትና ያበቃበት ቀን በቀን፣ በወርና በዓመት ይጻፍ፤ «ከ2014 እስከ 2016» የሚል ጽሑፍ ልምዱ ሲቆጠር ወራት ያስበላል። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከግልና መንግሥታዊ ካልሆነ ድርጅት የመጣ ልምድን የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ካልተያያዘበት አይቆጥሩትም፤ ስለዚህ ይህንንም ፋይናንሱ ሳይበተን ይጠይቁ። የጡረታ መለያ ቁጥርዎን በስልክ ፎቶ ሳይሆን በወረቀት ይያዙ። የሠሩትን መጠይቅ ባዶ ቅጂና የኤክሴል ቅጹን በፈቃድ ይውሰዱ፤ ስምና ስልክ ያለበትን ዳታ ግን በፍላሽ ይዘው አይውጡ፤ ያ የተጠያቂዎቹ ነው፣ ቀጣዩም ቀጣሪ ካየው አያምንዎትም።